ሰባኪው፣ ጠመቃ ቤቱና ጋዝ ያለው ውኃ

በሰርግ ላይ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ቅጽበት አለች። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ የመርሐ ግብሩ መሪ ማይኩን ይይዝና ለሙሽሮቹ ብርጭቆ እንድናነሣ ይጋብዘናል። በእኛ ሰርግ የሚነሣው ለስላሳ ነው፣ ወይም አምቦ፣ ቤቱ ትንሽ ከደረጀ ደግሞ አልኮል የሌለው ጋዝ ያለው የወይን ጭማቂ። አብዛኞቻችን ብርጭቆው ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ ልብ አንልም።

በወጣቶች ኅብረታችን ያለ አንድ ወንድም ግን ልብ ይለዋል። ጌታን ከማግኘቱ በፊት ለብዙ ዓመታት በመጠጥ ተይዞ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ በጸሎት ቡድናችን ሲያካፍለን፣ የከበደው በመጠጥ ቤቶቹ ደጃፍ ማለፍ እንዳልሆነ ነገረን። የከበደው የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ የዘመድ ምርቃት፣ የጎረቤት ልደት ነው። አልጠጣም ማለቱን ለመደው፤ ካለ በኋላ ግን እጁ ባዶ ይቀራል። ውኃ ቢይዝ መድኃኒት ጀምረህ ነው ወይ ይሉታል። ለስላሳ ቢይዝ ከሕፃናቱ ጋር ይቀልዱበታል። ከማዕዱ ሳይወጣ ከማዕዱ የወጣ ያህል ይሰማዋል።

ያን ቀን ከሰማሁት በኋላ ነው ይህን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። የእርሱ ጭንቀት አዲስ አይደለም፤ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ አማኞችም ገብተውበታል፤ ዛሬ በየማቀዝቀዣው የምናያቸው ብዙ መጠጦችም የወጡት ከዚያ ጭንቀት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ሰባኪ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 በሰሜን እንግሊዝ ሊድስ ከተማ የሚል ሂል ጸሎት ቤት አገልጋይ ሆኖ ተሾመ። አንደበቱ የሚይዘው፣ መንተባተብ የሚያስቸግረው፣ ግን ጠያቂ አእምሮ የነበረው ሰው ነው። መጀመሪያ የኖረበት ቤት ከቢራ ጠመቃ ቤት አጠገብ ነበር። በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም፤ ፕሪስትሊ የሥላሴን ትምህርት አይቀበልም ነበር፤ በትምህርተ መለኮት መምህር አድርገን የምንወስደው ሰው አይደለም። ስለ አየር የተማረውን ግን መማር እንችላለን።

ጠመቃ ቤት ውስጥ የገብሱ ብቅል በውኃ ተዘፍዝፎ እርሾ ሲገባበት፣ እርሾው ስኳሩን እየበላ ሁለት ነገር ይወልዳል፤ አልኮልና ጋዝ። ጋዙ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ነው። በዚያ ዘመን የስኮትላንዱ ሐኪም ጆሴፍ ብላክ ስለ እርሱ ጽፎ ነበር፤ ምን እንደሚጠቅም ግን ብዙም አልታወቀም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከሚፈላው በርሜል አፍ ላይ እንደ ጉም ይተኛል። ፕሪስትሊ የሚነድ ጭራሮ ሲያስገባበት እሳቱ ጠፋ። ከዚያ ሁለት ዕቃ ይዞ በዚያ ጉም ውስጥ ውኃን ከአንዱ ወደ ሌላው ደጋግሞ ገለበጠ። ውኃው ጋዙን ጠጣ። ሲቀምሰው ምላስን የሚቆነጥጥ፣ ደስ የሚል ውኃ ሆኖ አገኘው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከአንዱ በርሜል ሰካራሙን የሚያንገዳግደውም ወጣ፤ ሰካራሙ ሲተው በምትኩ የሚይዘውም ወጣ።

በ1772 ፕሪስትሊ ጠመቃ ቤት ሳያስፈልግ ይህን ውኃ መሥራት የሚቻልበትን ዘዴ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ጠመኔ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ሲፈስ ጋዝ ይወጣል፤ ያንን ጋዝ በፊኛ ሰብስቦ ወደ ውኃ ማስገባት ነው። መርከበኞችን ይፈጅ የነበረውን ድድ የሚያደማ በሽታ ይፈውሳል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ለካፒቴን ኩክ ሁለተኛ ጉዞም ዘዴው ተሰጠ። ተስፋው ስሕተት ነበር። በሽታው የሚመጣው ከቫይታሚን ሲ እጥረት ስለሆነ ጋዝ ያለው ውኃ ምንም አይፈይድም። ሎሚ ቢጨመቅበት ኖሮ ግን ይሠራ ነበር! እርሱ ከግኝቱ ገንዘብ አላገኘበትም። ያገኘው የጄኔቫው ሰዓት ሠሪ ያዕቆብ ሽዌፕ ነው፤ በ1783 በዚያው ከተማ ጋዝ ያለው ውኃ እየሠራ መሸጥ ጀመረ፣ በ1792 ወደ ለንደን ተሻገረ። ሽዌፕስ የሚለው ስም ከእርሱ የመጣ ነው። ፕሪስትሊ ግን በ1791 በበርሚንግሃም ረብሻ ቤቱ ተቃጥሎበት ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በዚያው በ1804 ሞተ።

እስከዚህ ድረስ ጋዝ ያለው ውኃ የሐኪሞችና የባለጠጎች ነገር ነበር። ወደ ሠራተኛው ሕዝብ ያወረደው ሌላ ነው።

በ1830 የእንግሊዝ ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ። ግብር የሚከፍል ማንኛውም ሰው ሁለት ጊኒ ከፍሎ ቤቱን የቢራ መሸጫ ማድረግ ቻለ። ሐሳቡ ሕዝቡን ከጠንካራው ጂን ወደ ቢራ ማዞር ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቢራ ቤቶች በየመንደሩ ተከፈቱ። በዚያ ዘመን የነበሩት ከመጠጥ የመታቀብ ማኅበራት የሚከለክሉት ጠንካራውን መጠጥ ብቻ ነበር፤ ቢራ እንደ ምግብ ይቆጠር ነበር። በፕሬስተን ከተማ አይብ እየሸጠ የሚተዳደር ጆሴፍ ሊቭሴይ የሚባል ሰው ይህን ተቃወመ። በየአዳራሹ እየዞረ፣ ገብሱ ቢራ እስኪሆን ድረስ አብዛኛው ምግብነቱ እንደሚጠፋ ለሠራተኛው ያስረዳ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1832 ሰባት ሰዎች ከማንኛውም አልኮል ለመራቅ በፊርማቸው ቃል ገቡ። የፕሬስተን ሰባቱ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ፊርማው ቀላል ነው፤ ከፊርማው ማግስት ያለው ኑሮ ነው ከባዱ። የእኛን ወንድም ያስታወሰኝም ይህ ነው። የዚያን ዘመን ሠራተኛ አስቡት። መጠጥ ቤቱ ለእርሱ መጠጫ ብቻ አይደለም። ሳምንቱን የሠራበት ደመወዝ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዚያ ነው፤ ይህ በሕግ የተከለከለው በ1883 ነው። ሥራ የሚገኘው በዚያ ነው። ክረምት ላይ እሳት ያለው በዚያ ነው። ይልቁንም ሲታመም የሚረዳው፣ ሲሞት የሚቀብረው ማኅበር፣ የእኛን ዕድር የሚመስለው፣ የሚሰበሰበው በመጠጥ ቤት ነበር፤ ለቤቱ ኪራይ የሚከፈለውም መጠጥ በመግዛት ነበር። ስለዚህ መጠጥ የተወ ሰው ዕድሩንም ለመተው ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። ንጹሕ ውኃ ይጠጣ እንዳንል፣ ኮሌራ ወደ እንግሊዝ የገባው በ1831 ነው፤ የከተሞቹ ውኃ የሚታመን አልነበረም።

ለዚህ የሰጡት መልስ ስብከት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንቅናቄው በአንድ ዓመት ይበተን ነበር ብዬ አምናለሁ። እነርሱ ግን መጠጥ ቤቱ የሚሰጠውን ነገር ሁሉ ቆጥረው አንድ በአንድ በምትኩ ሠሩ። በ1835 በማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሳልፎርድ የሬካባውያን ማኅበር ተመሠረተ። ኤርምያስ ምዕራፍ 35ን ያነበበ ስሙን ያውቀዋል፤ ነቢዩ የወይን ጠጅ ሲያቀርብላቸው የአባታቸውን ቃል ጠብቀው ያልጠጡት፣ በድንኳን የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ አልኮል ለማይጠጡ ሰዎች የሕመምና የቀብር ዕርዳታ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የአጥቢያ ቅርንጫፍም "ድንኳን" ይባል ነበር። ዕድርና ድንኳን! እኛ አገር ቢመሠረት ኖሮ ስም ማውጣት አያስቸግራቸውም ነበር።

መዝናኛውንም አልተዉትም። ሐምሌ 5 ቀን 1841 ቶማስ ኩክ የሚባል ባፕቲስት አናጢ አምስት መቶ ያህል የንቅናቄው ሰዎችን በአንድ ሽልንግ ሒሳብ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። በዓለም ትልቅ ስም የነበረው የጉዞ ድርጅት የተወለደው ከዚያ ጉዞ ነው። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን አልኮል አልተሸጠም፤ የመጠጡን ፈቃድ ያገኘው ሽዌፕስ ከ1 ሚሊዮን በላይ ጠርሙስ ሸጠ። በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ደግሞ አልኮል የሌለባቸው ቡና ቤቶች ተከፈቱ፤ ባንኮኒው አለ፣ ብርጭቆው አለ፣ ወሬው አለ፤ የሚቀዳው ግን ከዝንጅብል፣ ከሥራ ሥርና ከፍራፍሬ የተሠራ መጠጥ ነው።

ከእነዚህ መጠጦች አንዱን ምናልባት ቤታችሁ ታውቁት ይሆናል። በ1908 በማንቸስተር ጆን ኖኤል ኒኮልስ ከወይን፣ ከራስቤሪ፣ ከጥቁር ከራንት፣ ከልዩ ልዩ ቅመሞችም የሠራውን መጠጥ አወጣ። ብርታት የሚሰጥ ተብሎ ነበር የተሸጠው፤ በኋላ ስሙ አጥሮ ቪምቶ ተባለ። ለማይጠጡ እንግሊዛውያን ክርስቲያኖች ገበያ የተሠራው ይህ መጠጥ ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ዋናው መጠጥ ነው። በዱባይ ወይም በጅዳ የሠሩ እኅቶቻችን በረመዳን ስንት ጠርሙስ እንደቀዱ ራሳቸው ይንገሯችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው ከሰርግ አልፎ ወደ ጌታ እራት ማዕድ ገባ። መጠጥን የተወ ሰው በቤተ ክርስቲያን ጽዋው ሲደርሰው ምን ያድርግ? የወይን ጭማቂ ስጡት ማለት ዛሬ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ግን ማቀዝቀዣ የለም፤ በወይኑ ልጣጭ ላይ በተፈጥሮ እርሾ ስላለ የተጨመቀው ወይን በጥቂት ቀን ራሱ ይፈላል። በኒው ጀርሲ ቫይንላንድ የሚኖረው የጥርስ ሐኪም ቶማስ ብራምዌል ዌልች፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያኑ የጌታ እራትን የሚያዘጋጅ አገልጋይ ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ስለ እርሾና ስለ ሙቀት የደረሰበትን አንብቦ፣ በ1869 ጭማቂውን በጠርሙስ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ ጠርሙሱን በፈላ ውኃ ውስጥ አሞቀው። እርሾው ሞተ፤ ጭማቂው ሳይፈላ ቆየ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ወዲያው አልተቀበሉትም፤ የለመዱትን ለመለወጥ አልፈለጉም። ዶክተሩም ተስፋ ቆርጦ ወደ ጥርሱ ተመለሰ። ሥራውን ያስፋፋው ልጁ ቻርልስ ነው፤ በ1893 የቺካጎ የዓለም ትርኢት ላይ ብዙ ሕዝብ ቀመሰው።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ለዚሁ ችግር የቆየ መፍትሔ ነበር። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፤ ለአገልግሎቱ ትኩስ ስለሚዘጋጅ ለመፍላት ጊዜ አያገኝም።

ንቅናቄው ሁልጊዜ ጥበበኛ እንዳልነበረ ደግሞ መናገር አለብኝ። የፊላደልፊያው ቻርልስ ሃየርስ በ1876 ሰው በየቤቱ በውኃ፣ በስኳርና በእርሾ የሚያዘጋጀውን የሥራ ሥር ዱቄት ለሕዝብ አቀረበ። ራሱም የመጠጥ ተቃዋሚ ነበር፤ ግን መጠጡን "የሥር ቢራ" ብሎ ሰየመው። በ1895 የክርስቲያን ሴቶች የመታቀብ ኅብረት ስሙን አይቶ እንዳይገዛ አወገዘው፤ ውግዘቱ የተነሣው መጠጡ ተመርምሮ የአልኮሉ መጠን ኢምንት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት በስም ብቻ የራስን ወንድም መዋጋት ማለት ነው። ከዚያ የከፋው ግን የመጣው በኋላ ነው። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ አልኮልን በአገር ደረጃ በሕግ ከለከለች። መጠጡ ወደ ጓዳ ገባ፣ ወንበዴዎች በለጸጉበት፣ ሕጉም ተሻረ። የፕሬስተን ሰባቱ በገዛ ፈቃዳቸው የፈረሙትን ነገር ሌላው በፖሊስ እንዲፈርም ማድረግ አልተቻለም።

ብርጭቆን ከፍ አድርጎ ስለማንሣት ግን አንድ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን በ1913 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ ለብሪታንያ አምባሳደር ስንብት በተደረገ እራት ላይ በወይን ጠጅ ፈንታ የወይን ጭማቂ አቀረበ። ጋዜጦቹ ለወራት ሳቁበት፤ "የወይን ጭማቂ ዲፕሎማሲ" የሚል ስምም ወጣለት። እንግዶቹን ጠርቶ፣ ልማዱን አስቀድሞ ነግሮ፣ በራሱ ማዕድ ያመነበትን ቀዳ። እኔ በዚህ አልስቅበትም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እንዲህ ዓይነት መጠጥ ከውጭ የመጣ አድርገን የምናስብ ከሆነ ተሳስተናል። ጠጅ ባለበት ቤት ብርዝ ነበር። ማር በውኃ ተበርዞ ሳይፈላ የሚቀርበው ብርዝ የሕፃናት፣ የእስላም እንግዶች፣ የማይጠጡ ሰዎች ድርሻ ነው። ባለቤቷ ጠጅ ለሚጠጣውም ብርዝ ለሚጠጣውም በብርሌ ስትቀዳ ማንም ከማዕዱ አልወጣም። ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚሠራው ቀሪቦም በእኛ በወንጌላውያን ሰርግና በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰርግ ቦታውን ይዟል። ሁለቱም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብርዝ ለቀናት ከተቀመጠ የጠጅን መንገድ ይጀምራል፤ እርሾ የገባበት ቀሪቦም ከቆየ አልኮል ያፈራል። ከመጠጥ ለወጣ ሰው ስትሠሩ የዛሬውን ዛሬ አቅርቡ።

ጋዝ ያለውን ውኃ ደግሞ ፕሪስትሊ በፊኛ ሲደክምለት የአምቦ ምድር በነፃ ታፈልቀው ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለችው ከተማ የሚመጣው ይህ ውኃ ጋዙም ማዕድኑም የራሱ ነው። በውስጡ ባይካርቦኔት ስላለ ሎሚ ሲጨመቅበት ድንገት ይንፎለፎላል፤ ፕሪስትሊ ጠመኔ ላይ አሲድ ሲያፈስ ያየውን ነው የምታዩት፣ ያለ አደጋ። የሎሚውንም ኮምጣጣነት ትንሽ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ ከምትገምቱት በላይ ሎሚ ጨምሩ።

ባለፈው የወጣቶች ምሽት ለዐሥር ሰው ያዘጋጀነው እንዲህ ነው። ስድስት የበሰለ ፓሽን ፍሩት ከፍለን ውስጡን በማንኪያ አወጣን፤ የሁለት ብርቱካንና የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨመርን። የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ከትፈን በአንድ ኩባያ ውኃ አፈላን፤ ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል አራት ማንኪያ ማር አሟሟንበት። ሁሉንም ቀላቅለን በጥሩ ወንፊት አጠለልነው። ማጥለሉን አትዝለሉት፤ በጭማቂው ውስጥ የሚቀር ጭራሮና ፍሬ ለጋዙ መውጫ ስለሚሆን ብርጭቆው ገንፍሎ ይፈስና ከደቂቃ በኋላ ጋዝ አልባ ይሆናል። ማንጎ የምትወዱ ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ፤ ወፍራም ስለሆነ ግን ለዚህ አይመችም። ከዚያ ጭማቂውንም አምቦውንም ለየብቻ በደንብ ማቀዝቀዝ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ጋዝ ይይዛል፣ ሞቃት ውኃ ይለቃል፤ ለብ ያለ አምቦ ቀድታችሁ በበረዶ ላድነው ብትሉ ጋዙ ቀድሞ ሄዷል። በብርጭቆው አንድ ሦስተኛ ጭማቂውን፣ ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ አምቦውን በጎኑ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። አታማስሉት፤ ራሱ ይደባለቃል።

የመጀመሪያውን ዙር ስንቀዳ ያ ወንድማችን ዘግይቶ ገባ። ጆጉን የያዘችው እኅት የሁሉም ብርጭቆ አንድ ዓይነት ስለነበር ምንም ሳትጠይቀው ቀዳችለት። እርሱም ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ቀመሰና ዝንጅብሉ በዝቷል አለ። እውነቱን ነው፣ በዝቶ ነበር።